ከመስኮቱ ፊት ያበበው እንሰት

ባለቤቴን ስትሮክ ከመታው ወዲህ የቀረችለት አንድ ቃል ብቻ ናት፤ «በቃ»። ሲርበው በቃ ይላል፤ ሲጠግብም በቃ ይላል። ልጃችን ከሐዋሳ ስትደውል ስልኩን ጆሮው ላይ እይዝለትና እንባው እየወረደ «በቃ፣ በቃ፣ በቃ» ይላታል። እሷም «እሺ አባዬ» ትለዋለች። ሌሎቹ ቃላት ይመለሱ እንደሆነ ሐኪሙን ስጠይቀው፣ ሊመለሱም ላይመለሱም ይችላሉ አለኝ። ከዚያ በኋላ አልጠየቅሁም።

ድሮ ዝም የማይል ሰው ነበር። አይሱዙ ይነዳ ነበር፤ ከዶዮገና ጎመንና ድንች ጭኖ አዲስ አበባ ያራግፋል። ሲመለስ ወሬውን የሚጀምረው ገና ከአጥሩ በር ነው። የት ጎማ እንደፈነዳበት፣ ማን ሊፍት ለምኖት መንገዱን ሙሉ እንዳሳቀው፣ ጎመኑ በፀሐይ እንዳይጠወልግ እንዴት እንደገሰገሰ፤ ጫማውን እስኪያወልቅ ግማሹን ጨርሶት ይሆናል። አንድ ቀን ቡታጅራ ላይ ቁርሱን በልቶ ሊነሳ ሲል ቀኝ እግሩ አልታዘዝ አለው። ረዳቱ የሚቀልድ መስሎት ስቆ ነበር አሉ። ሆሳዕና ተሸክመው ሲያመጡልኝ አፉ ወደ አንድ ጎን ሄዷል፣ ቀኝ እጁ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሏል።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ አንድ ዓይነት ነው። ጠዋት አገላብጬው፣ አጥቤው፣ አብልቼው፣ ወደ ጓሮው በሚያየው መስኮት አጠገብ ወንበሩ ላይ በትራስ ደግፌ አስቀምጠዋለሁ። ከዚያ ትምህርት ቤት እሮጣለሁ፤ ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፣ የጠዋት ፈረቃ። ጎረቤቴ በየመሀሉ ብቅ እያለች ታየዋለች። ከሰዓት ቤት ስገባ አንሶላ ይጠብቀኛል፤ ምሳ ይጠብቀኛል፤ የሚታረም ደብተር ይጠብቀኛል። እሱ ደግሞ በደህናው ግራ እጁ የቆርቆሮ ኩባያ ይይዝና የመስኮቱን ብረት ይመታል። ቃ ቃ ቃ። ስሄድ አንዳንዴ ውኃ ይፈልጋል፤ አንዳንዴ ትራሱ ተንሸራትቷል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚፈልገው እኔን ማየት ብቻ ነው። አይቶኝ «በቃ» ይላል። ተመልሼ ሽንኩርቱን ልከትፍ ስል ቃ ቃ ቃ።

ቁጭ ባልኩበት ሁሉ እንቅልፍ ይጥለኝ ጀመር። እሑድ ቤተክርስቲያን ጸሎት ላይ አንገቴን ደፍቼ ተኛሁ፤ ሰው ሁሉ ተነሥቶ እየዘመረ እኔ እንደተደፋሁ ቀረሁ። ስንወጣ አንዲት እህት እጄን ጨብጣ፣ «ዛሬ መንፈስ ቅዱስ በጣም ነካሽ፤ አየሁሽ» አለችኝ። አሜን ብዬ አለፍኩ። ሌላ ምን ልበል?

ወፏ የመጣች ቀን ወጥ እየሠራሁ ነበር። ሽንኩርቱ ቀላ፤ በርበሬው ገባ፤ ውኃ ጨመርኩበት፤ ኩባያው ዝም አለ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ደነገጥኩ። ይህን ያህል ዝም ብሎ አያውቅም። ማማሰያውን እንደያዝኩ ሮጥኩ።

ደህና ነው። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ አፉን ትንሽ ከፍቶ ውጭ ያያል። በአጥሩ ላይ በሚሳበው ቀይ አበባ ላይ አንዲት ወፍ ተንጠልጥላለች። ከአውራ ጣቴ ብዙም አትበልጥም። ምንቃሯ እንደ ወስፌ ቀጭንና ጎባጣ ነው፤ አበባው ጉሮሮ ውስጥ ትሰደዋለች፣ ታወጣዋለች፣ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። እስክትበር ድረስ አልተነቃነቀም። ስትበር ወደ እኔ ዞረና ቀስ ብሎ፣ ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ «በቃ…» አለ። እኔ ግን ያሰብኩት ስለ ወጡ ነው። ሳልነሣ፣ ሳልጠራ፣ አንድ ወጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሠርቻለሁ።

በማግስቱ ለልጃችን በስልክ ነገርኳት። ማታውኑ በቴሌግራም ቪዲዮ ላከችልኝ። የውጭ አገር ግቢ ነው። ከንብ ትንሽ ከፍ የሚሉ ወፎች አየር ላይ እንደ ሄሊኮፕተር ቆመው፣ ከተሰቀለ ቀይ ብልቃጥ ይጠጣሉ። ለአባቷ አሳየሁት፤ ግራ እጁን አንሥቶ ስክሪኑን ሊነካ ሞከረ።

«እነዚህ እኛ አገር የሉም፤ እማዬ» አለችኝ ስትደውል። «የእኛዎቹ ሌላ ዘር ናቸው። አበባው ላይ ካላረፉ አይጠጡም። ግን የሚፈልጉት ያው ጣፋጭ ነገር ነው። ስኳር በውኃ በጥብጠሽ ብትሰቅዪስ?»

ሰቀልኩ። የሃይላንድ ጠርሙስ በሚስማር በስቼ፣ ቀይ ክዳን አድርጌ፣ እንዲያርፉበት እንጨት አስሬ ከመስኮቱ ብረት ላይ አንጠለጠልኩት። መጀመሪያ የመጡት ጉንዳኖች ናቸው፤ በግድግዳው ላይ መንገድ ሠርተው። ቀጥለው ዝንቦች። ከዚያ ንቦች። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጎረቤቴ በነጠላዋ እያራገበች፣ እየጮኸች አገኘኋት። አንዲት ንብ የባለቤቴን ቀኝ እጅ ነድፋዋለች። የሞተው እጅ ነውና አልተሰማውም፤ እጁ ሲያብጥ ዝም ብሎ ያየው ነበር።

«አንቺ ሴትዮ ምን ነካሽ? በሽተኛ አጠገብ ስኳር ይሰቀላል?» አለችኝ።

«ወፍ እንዲመጣ ብዬ ነው።»

«ወፍ?» አለች። አየችኝ፤ ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «እሺ። ቁጭ በይ። ሻይ ላምጣልሽ።»

ጠርሙሱን አወረድኩት። አበባ ልትከል ብዬም ሞከርኩ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ እሬት ነቅላ ሰጠችኝ፤ እሬት ሲያብብ ወፎቹ አይለዩትም አለችኝ። ተከልኩት፤ እስኪያብብ ግን የዓመት ነገር ነው። የአጥሩም ቀይ አበባ ክረምቱ ሲጠነክር ረገፈ፤ ወፏም ቀረች። ኩባያው ተመለሰ። እኔም ተውኩት። ያ ክረምት እንዴት እንዳለፈ ብጠየቅ የማስታውሰው የማይደርቅ አንሶላ ብቻ ነው፤ ወንበር ላይ፣ በር ላይ፣ በገመድ ከአልጋው በላይ የተሰጣ አንሶላ።

መስከረም ሲጠባ፣ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ያለው ትልቁ እንሰት ከአናቱ አዲስ ነገር አወጣ። ይህን እንሰት የተከሉት አማቴ፣ የባለቤቴ እናት ናቸው። ቤቱን ስንሠራ ከዶዮገና ችግኝ በመኪና አስጭነው መጥተው፣ በገዛ እጃቸው ጉድጓዱን ቆፍረው ጓሮውን ሞሉልን። ትልቁ አሁን ከጣሪያው ክዳን በላይ ነው፤ ግንዱን ሁለት ሰው ተያይዞ ነው የሚያቅፈው። ከመካከሉ የወጣው አበባ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ከዚያ እየከበደው አንገቱን ደፋና በመስኮቱ አቅጣጫ ተንጠለጠለ። የጥጃ ጭንቅላት ያህላል። እየተገለጠ ሲሄድ፣ ከየቅርፊቱ ሥር አበቦቹ ተደርድረው ብቅ አሉ፤ እነሱ ውስጥ ደግሞ እንደ ሙጫ የሚዝለገለግ ጣፋጭ ነገር አለ።

ወፎቹ መጡ። አንዷ ብቻ አይደለችም፤ ባልና ሚስት ናቸው። ሴቷ እንደ ድንቢጥ አመድማ ናት። ወንዱ ከሩቅ ጥቁር ይመስላል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ግን ሐምራዊ ይሆናል፣ ዞር ሲል አረንጓዴ፣ እንደገና መዳብ። ጅራቱ ከገላው ይረዝማል። ሌላ ወፍ ሲጠጋ እየተንጫጫ ያባርራል። ባለቤቴ በጠዋት ወንበሩ ላይ ሳስቀምጠው ፊቱ ቀድሞ ይዞራል። ወንዱ ሌላውን ሲያባርር ይስቃል፤ በግማሽ አፉ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ። ያ ሳቅ ሞቷል ብዬ ነበር። እኔም ከትምህርት ቤት መጥቼ ምሳዬን በልቼ፣ ከሱ ወንበር ጀርባ ምንጣፍ ላይ ጋደም እላለሁ። ሰው ሳይጠራኝ እተኛለሁ። በአበባው ሰሞን ብዙ ተኛሁ።

አማቴ የመጡት በገበያ ቀን ነው። ብዙ ጊዜ እንደሚያደርጉት ከዶዮገና በሚኒባስ መጥተው፣ ለልጃቸው ቅቤና አይብ ይዘው። ገብተው ግንባሩን ስመው፣ በከምባትኛ ሲያጫውቱት ቆዩና በመስኮቱ ቀና ሲሉ ንግግራቸው መሀል ላይ ተቋረጠ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አበበ፤ እማዬ» አልኩ።

«እሱንማ አያለሁ! ካበበ ስንት ጊዜው ነው? ለምን አልተቆረጠም?»

አማርኛን ያወቁት አድገው ነው፤ ሲቆጡ ወንድና ሴት መለየቱን ይተዉታል። «አንተ አስተማሪ ነህ፤ ተምረሃል» አሉኝ። «አበባ ሲወጣ እንሰት እንደሚቆረጥ አታውቅም? አበባው ሆዱን ይበላዋል! ከውስጥ ቆጮው ያልቃል፣ ቡላው ያልቃል። ፍሬ ሲይዝ ደግሞ ሞተ። ይሄ የስንት ወር ምግብ ነው!»

የተናገሩት ሁሉ እውነት ነው። እኔም የሀዲያ ልጅ ነኝ፤ ያበበ እንሰት ጓሮው ውስጥ የሚያቆም ቤት ሰነፍ ቤት እንደሚባል አውቃለሁ። ጎረቤቶች እያዩ ዝም ያሉኝ ስላዘኑልኝ ነው። በዚያ ላይ የባለቤቴ ሥራ ከቆመ ወዲህ ቤታችን ምግብ የተረፈው ቤት አይደለም።

«ወፎቹን ያያል» አልኩ።

«ማን?»

«እሱ። ወፎች ይመጣሉ አበባው ላይ። ሲያያቸው አይረበሽም።»

አማቴ ልጃቸውን አዩ፤ እኔን አዩ። በዚያ ሰዓት ወፍ የሚባል አልነበረም፤ አበባው ላይ ዝንብ ብቻ። «ቅዳሜ ሴቶች ይዤ እመጣለሁ» አሉና ነጠላቸውን አጣፉ። «ቅጠሉ፣ ኮባው፣ ተቆርጦ ይጠብቀኝ።»

ቅዳሜ ጠዋት በእርግጥም መጡ። ሁለት ጠንካራ ሴቶች ከቀዬአቸው አስከትለዋል፤ እንሰቱ የሚፋቅበትን ሳንቃ፣ የቀርከሃ መፋቂያውን፣ ቢላውን፣ ሁሉንም ተሸክመው። እኔ ኮባውን አልቆረጥኩም ነበር። ለመከራከር አስቤበት አይደለም፤ ሳምንቱን እንደ ሌላው ሳምንት ደክሞኝ ስለነበር ሳልነካው ሰነበተ። አማቴ ግን እንቢታ መሰላቸው። ሰላምታዬን እንኳን በቅጡ አልተቀበሉም። ሴቶቹን ወደ ጓሮ ላኳቸውና እሳቸው በቤቱ ገብተው በልጃቸው ፊት ቆሙ። በከምባትኛ ነገሩት። ከምባትኛውን እሰማለሁ፤ እንሰቱ ሳይበላሽ ሊቆርጡት እንደመጡ፣ ሥሩን፣ አሚቾውንም እንደሚቀቅሉለት ነው የነገሩት፤ ልጅ ሆኖ ይወደው ነበርና።

«በቃ!» አለ ባለቤቴ።

«ሰማህ?» አሉ ወደ እኔ ዞረው። «በቃ አለ። ይቆረጥ አለ።»

«አይደለም፤ እማዬ። ተዉት ነው ያለው።»

«በቃ ማለት ይብቃው ማለት ነው! አበባው ይብቃው!»

«ተዉ፣ አትንኩት ማለቱ ነው። እኔ አውቀዋለሁ።»

«እኔ ወልጄዋለሁ!» አሉ።

 እውነቱን ለመናገር ምን እንዳለ እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም። ያቺ ቃል ሁሉንም ትሆናለች። እሱ ግን እኛን ከነጭቅጭቃችን ትቶናል። አማቴ የቆሙት በእሱና በመስኮቱ መሀል ነው፤ አንገቱን በግራው በኩል አስግጎ ሊያይ ሞከረ፣ አልሆነም፤ በቀኙ ሞከረ። ቀኙ የሞተ ጎኑ ነው፤ ከትራሱ ተንሸራተተና ወደ ወለሉ መውደቅ ጀመረ። ሁለታችንም ዘለን ያዝነው። እሳቸው በብብቱ፣ እኔ በወገቡ፣ ስንታገል ቆይተን መልሰን አስቀመጥነው። እሱ ምንም አልመሰለው። ዓይኑ ከመስኮቱ አልተነሣም። አማቴም እጃቸው ትከሻው ላይ እንዳለ ወደሚያየው ቦታ ዞሩ።

ወንዱ ወፍ አበባው ላይ ነበር፤ ጭንቅላቱን ቁልቁል አድርጎ። ፀሐይዋ በደንብ ወጥታለች። ከሴቶቹ አንዷ ቢላውን ይዛ ግንዱ ሥር ደርሳለች። ወፉ ከቁብ ሳይቆጥራት ምንቃሩን ያስገባል፣ ያወጣል። ሴቷ ወፍ መጥታ ከሥሩ አረፈች። ባለቤቴ ሳቀ። ያ የግማሽ አፍ ሳቅ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ የእናቱን እጅ አብሮ እያንቀጠቀጠ።

አማቴ በመስኮቱ በኩል ለሴትዮዋ የሆነ ነገር ተናገሩ፤ ቢላው ወረደ። ወዲያው ደግሞ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ከአጥሩ ሥር ያለውን ሁለተኛውን፣ ገና ያላበበውን እንዲቆርጡ አዘዙ። መቼም እዚህ ድረስ መጥተው ባዶ እጃቸውን አይመለሱም።

ቀኑን ሙሉ ሴቶቹ ሲፍቁ ዋሉ። እኔ ምሳ ላቀርብ ጎንበስ ቀና ስል ቆየሁና ለባለቤቴ ማጉረስ ጀመርኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን አላስታውስም። ስነቃ ሳህኑ ከእጄ ላይ ተወስዷል፤ ጭንቅላቴ የወንበሩ እጀታ ላይ ነው፤ ጋቢ ለብሻለሁ። አማቴ ቁጭ ብለው ልጃቸውን ያጎርሳሉ። ጥላው ከጓሮው ወደ አጥሩ ዞሯል።

«ለምን አልቀሰቀሱኝም፤ እማዬ?» ብዬ ተነሣሁ።

«ቁጭ በይ» አሉኝ። አማርኛቸው ተመልሷል። «ጉርሻውን እንደያዝሽ ነው የተኛሽው። እጅሽ አፉ ጋ ቆሞ ቀረ። እሱ ዝም ብሎ ያይሽ ነበር።»

«ይቅርታ።»

«መቼ ነው የምትተኚው አንቺ?»

ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ቤተክርስቲያን ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ እሱ እንዴት እንደሆነ ነው፤ ሐኪሙም፣ ርእሰ መምህሩም።  ወፎቹ ሲመጡ እንደምተኛ ነገርኳቸው፤ ከጀርባው ምንጣፍ ላይ። እንሰቱን ለእሱ ብቻ ብዬ እንዳልተውኩትም ነገርኳቸው። አማቴ ጉርሻውን አስተካክለው ለልጃቸው ሰጡና ጣታቸውን በሳህኑ ጠርዝ ጠረጉ።

ትልቁ እንሰት እንዳሉት ሆነ። አበባው እየረገፈ፣ ፍሬ እየያዘ፣ ቅጠሉ ከታች እየደረቀ መጣ። ወፎቹ በመጀመሪያ በየቀኑ፣ በኋላ አልፎ አልፎ፣ በመጨረሻ ጭራሽ ቀሩ። ከገና በኋላ ግንዱ በራሱ ጊዜ ተንጋለለና በመጸዳጃ ቤቱ ቆርቆሮ ላይ ተደገፈ። እሱን ቆራርጬ ሳወጣ ወገቤን አመመኝ፤ ውስጡ ውኃና ቃጫ ብቻ ነበር፤ ሽታው ለቀናት ከእጄ አልለቀቀም። ለምግብነት የሚሆን ምንም አልተረፈም። ባለቤቴም አልተሻለውም። አዲስ ቃል አላመጣም። ይሄን የምለው አንዳንድ ሰው ሲሰማ እንደ ተአምር የሆነ ነገር ስለሚጠብቅ ነው።

የተለወጠው አንድ ነገር ነው። አማቴ በየሳምንቱ ቅዳሜ መምጣት ጀመሩ፤ ያለ ሴቶቹ፣ ያለ ቢላው። መጀመሪያ ቀን ለምን እንደመጡ ሊነግሩኝ እንኳን አልፈለጉም፤ ገብተው ልጃቸው አጠገብ ተቀመጡና «ሂጂ» አሉኝ።

«ወዴት?»

«እኔ ምን አውቄ? ውጪ።»

ወጣሁ። ለገበያ አልነበረም፤ ዘንቢል አልያዝኩም። ለጸሎትም አልነበረም። አስፋልቱን ይዤ ቀስ ብዬ ሄድኩ፤ ባጃጆች «ትሄጃለሽ?» ይሉኛል፤ ምን እንደምመልስላቸው አላውቅም። በመጨረሻ ጥግ ካለች ጭማቂ ቤት ገባሁና አቮካዶ አዘዝኩ። ልጅቷ ሎሚ ይጨመርበት ወይስ አይጨመርበት ብላ ጠየቀችኝ። ለረጅም ጊዜ ለራሴ መርጬ ስለማላውቅ ግራ ገባኝ። ይጨመርበት አልኳት። ፀሐይ ከምታገኘው ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ በማንኪያ ቀስ እያልኩ እስከ ብርጭቆው ሥር ጨረስኩት።